ሲቀዱ የፈሰሰ

ኤልስባ ይዛው መጣች፣ በሱፍ ሹራብ ጠቅልላ፣
እንደ ታመመች ድመት ብብቷ ስር አስጠልላ።
"የሃኑስ ነው" አለችን፤ "ሆዱ ውስጥ አንዳች ያንኳኳል፤
ጧት ጧት ይነሣል፤ ከሰዓት ይተኛል።
ሠላሳ አንድ ዓመት የባሕሩን ጥልቀት፣
የነፋሱን አቅጣጫ፣ የዓሣውን ብዛት፣
ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የጻፈበት።
እሱስ አልፏል፤ ይሄ እንዳያልፍብኝ።"
ወጣች። ማርዩን ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ።

ክላክስቪክ ላይ ክረምት ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ይመሻል፤
ከታች መረብ ይጠገናል፣ ከላይ እኛ ዘንድ ዲስክ ይታሻል።
እኔ ለሙያው አዲስ ነኝ፣ ገና ስድስተኛ ወሬ፤
ሁሉን የማውቅ መስሎኝ፣ ሳልጠይቅ፣ ደፍሬ፣
"ቅዳ" አልኩት ማሽኑን፣ "እስከ መጨረሻ ጠብታ፤
የማይነበብ ቢገጥምህ፣ እለፈው፤ አትቁም ለአፍታ።"

ቀዳ። ሲቀዳ አደረ።
ሦስት ቦታ ተንተባተበ፤ ሦስቱንም አልፎ ተሻገረ።
ጧት "ጨርሻለሁ" ይላል።
ቅጂውን አዲስ ዲስክ ላይ መለስኩ፤ ከፈትኩት፤ ይሠራል!
የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥርት ብለው ተነበቡ።
ከዚያ ወዲያ ግን ፊደላቱ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገዱ።
ፎቶ ብዬ ስከፍት የዓሣ ሚዛን ወጣ፣
ደብዳቤ ብዬ ስከፍት የፎቶ ስባሪ መጣ።
ማውጫው "ቤቱ እዚህ ነው" ይላል፤ በሩን ባንኳኳ፣
የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው ለካ።

ወደ አሮጌው ዲስክ ሮጥኩ። አንዴ ቋ አለና
ዝም አለ። አልተነሣም እንደገና።
ልቀዳው ብዬ ቀደድኩት፤ የፈሰሰ አይታፈስ፤
ለማርዩን ምን ልበላት? ለኤልስባስ?

ማርዩን አልተቆጣችም። (ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።)
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጀመረች መቁጠር።
የአሮጌውን ልክ ጻፈች፣ ከሥሩ የቅጂውን፤
ቀነሰች። "እየው" አለች "ጎዶሎውን፤
ዐሥራ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ባይት።
ለሦስት ብታካፍለው፣ ሦስት እኩል ጡብ፣ ሦስት ስህተት።

እለፈው ብትለው አለፈው፤ ቦታውን ግን አልተወም፤
ክፍተቱን ዘጋ፤ የኋላው ወደ ፊት ተጠጋ፤ በስፍራው ያለ ማንም የለም።
አያቴ ቀዛፊ ነበር፣ ባለ ስምንት መቅዘፊያ ጀልባ ላይ፤
አንዱን ማዕበል ሲወስደው፣ ከዚያ ከደሴቱ ወዲያ ማዶ ላይ፣
ወንበሩን ባዶ ተዉት እንጂ ማንም አልተጠጋ፤
ቢጠጉ ኖሮ፣ መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ እየተላጋ፣
እዚያው ይቀሩ ነበር።
ሞተ ማለት ሌላ ነው፤ አልነበረም ማለት ሌላ።"

መጀመሪያ ቅጂውን ራሱን ቀዳች፤
"ያለን እሱ ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ አይሰፋም" አለች።
ከዚያ የማሽኑን መዝገብ ዘረጋን፤
ደግነቱ፣ የት የት እንደ ተሰናከለ ጽፎ አቆይቶልን፣
በየስፍራው፣ በልኩ፣ ዜሮ ደረደርን፤
አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ዜሮ፣
ደግሞ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት፣
ደግሞ።
ምንም የማይል ምንም፤ ግን ስፋቱ የታወቀ።
ሦስተኛውን ስናስገባ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ፣ ዝናቡ መስኮቱን ይቀጠቅጣል።
ከፈትነው። ደብዳቤው ደብዳቤ ሆነ። ፎቶው ፎቶ።
አንዱ ፎቶ ብቻ ወገቡ ላይ ግራጫ መቀነት ታጥቋል።

ኤልስባ ሐሙስ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ አነበበች፦
"ሰሜን ምሥራቅ። ስልሳ ሜትር። ዓሣ ጥቂት። እጄ ቀዝቅዟል።"
"ሰሜን። ሰባ። ዛሬም እንደ ትናንቱ።"
ዓመቱን በጣቷ እየቆጠረች፣ ኅዳር ላይ ደረሰች፦
"ዛሬ ባሕር አልወረድኩም። ከኤልስባ ጋር"
ይልና፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ባዶ፤
ከዚያ፣ "ነፋሱ ጋብ ብሏል።"

ጥፋቱ የእኔ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ።
እሷ ባዶው ላይ መዳፏን አሳርፋ ቆየች፤
"ይህችን እኔ አውቃታለሁ" አለች።
ጠበቅን። አልነገረችንም።
ማርዩን ደረሰኝ ቆረጠችላት፤
እኔ ሹራቡን አጣጠፍኩ።